ሞክሼ ሆሄያትና ሞክሼ ፋይሎች፤ ስምን ከስም ስለ ማነጻጸር

«ሞክሼ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት አገባብ አለው። በመጀመሪያው፣ ስማቸው የገጠመ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይጠራሩበታል። በሁለተኛው፣ የሰዋስው ጸሓፊዎች መልካቸው ተለያይቶ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት፣ ማለትም ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር፣ «ሞክሼ ሆሄያት» ይሏቸዋል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ሁለቱ አገባቦች ተቃራኒ ናቸው። ሞክሼ ሰዎች ባንድ ስም የሚጠሩ ሁለት አካላት ሲሆኑ፣ ሞክሼ ሆሄያት ደግሞ በልዩ ልዩ መልክ የተጻፈ አንድ ድምፅ ናቸው። ስምን ከስም በማነጻጸር ሥራ የሚፈጸም ስሕተትም ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ አይወጣም፤ ወይ ሁለቱን አንድ ማለት ነው፣ ወይ አንዱን ሁለት ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ያ ስሕተት በኮምፒዩተር ውስጥ፣ በተለይም ኮምፓይለር የምንጭ ፋይሎችን ስም ሲያነጻጽር፣ እንዴት እንደ ገባና እንዴት እንደ ታረመ ይመለከታል። ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ «ዓለም»ና «አለም» ባንድ መሪ ቃል ሥር ይግቡ ወይስ በሁለት ብሎ የተጨነቀ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁሉ ኮምፓይለሩ የወደቀበትን ፈተና ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ዛሬ አማርኛ የሚጻፈው፣ የሚከማቸውና የሚፈለገው በአብዛኛው በኮምፒዩተር ስለ ሆነ፣ መኪናው «አንድ ናቸው» ወይም «አንድ አይደሉም» ብሎ የሚሰጠው ፍርድ የአንድ ሰው ስም በመዝገብ መገኘቱንና አለመገኘቱን ይወስናል።

አስቀድመን ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። ኮምፓይለር ማለት ሰው በፕሮግራም ቋንቋ የጻፈውን ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 የሠሩት ኤ-0 የተባለው ነው። ያ ፕሮግራም ቀድመው የተዘጋጁ ንኡሳን ፕሮግራሞችን ከቴፕ ላይ እየሰበሰበ ያጠናቅር ስለ ነበር ስሙ ለሥራው ተስማሚ ነበር። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚያጠናቅረውም ሰው በዚሁ ቃል ይጠራል። ስለዚህ «አጠናቃሪ» የሚለው ትርጉም ለቃሉ ታማኝ ነው፤ ለዛሬው ሥራ ግን ታማኝ አይመስለንም፤ ኮምፓይለር ዛሬ ከመሰብሰብ ይልቅ መተርጐም ይበዛበታልና። «ተርጓሚ» እንዳይባልም የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች አብዛኞቹ ተርጓሚዎች ስለ ሆኑ ሌላ ሞክሼ መፍጠር ይሆንብናል። በዚህ ምክንያት ቃሉን እንዳለ ይዘነዋል።

ምሳሌያችንን ከደብረ ኤልያስ እንጀምር። ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ በቅኔ ትምህርት ስሟ የተጠራ ቦታ ናት። ስሙ የከተማይቱም፣ እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ወረዳም ስለ ሆነ ገና ከመነሻው ሞክሼ አለበት፤ «ደብረ ኤልያስ» የሚል መዝገብ ያየ ሰው ከተማይቱ ትሁን ወረዳው በስሙ ብቻ ሊለይ አይችልም። አጻጻፉ ደግሞ በተቃራኒው ይበዛል። የኋለኛው ቃል መነሻ «ኤ» ወይም «ዔ»፣ መካከሉ «ልያ» ወይም «ሊያ»፣ መድረሻው «ስ» ወይም «ሥ» ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ቃላትም በባዶ ቦታ፣ በሁለት ነጥብ፣ ወይም ያለ ምንም መለያ ተያይዘው ሊጻፉ ይችላሉ። ሲባዛ 24 ይሆናል። ከነዚህ አብዛኞቹን ማንም አይጽፋቸው ይሆናል፤ ሦስቱ ወይም አራቱ ግን ባንድ የመዝገብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቢገኙ የሚደነቅ የለም። የአገሩ ሰው በ24ቱም አንዲት ደብረ ኤልያስን ያነባል። መኪናው 24 ስም ያያል።

ከዚሁ ቦታ ጋር የተያያዘ ሌላ ስም እንውሰድ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ኤልያስ ነበር። ስማቸው በኅትመት «ሐዲስ»፣ «ሀዲስ»፣ «ሃዲስ»፣ የአባታቸውም ስም «ዓለማየሁ»፣ «አለማየሁ» እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። ድምፁን ሳይለውጡ ሊጻፍ የሚቻልበትን መንገድ ሁሉ ብንቆጥር፣ ለመጀመሪያው ፊደል ስድስት መልክ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ ለ«ስ» ሁለት፣ ለ«ዓ» አራት (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ ለመጨረሻው «ሁ» ሦስት እናገኛለን። ይህ ሲባዛ 144 ነው፤ ከጆሮ የሚደርሰው ግን አንድ ስም ብቻ ነው።

እኚሁ ደራሲ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ከሚሹት አንዱ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቀው ለሚነበቡት ፊደላት ከራሳቸው በላይ ነጥብ አድርገውላቸዋል። ይህ ነጥብ የመጣው ከሞክሼ ሆሄያት ችግር በተቃራኒው በኩል ነው። ሞክሼ ሆሄያት አንዱን ድምፅ ብዙ ያስመስሉታል፤ የማጥበቂያ ምልክት አለመኖሩ ደግሞ ሁለቱን ቃል አንድ ያስመስላቸዋል። «አለ» ብለን ስንጽፍ ሰውየው ተናገረ ማለታችን ይሁን በቦታው ይገኛል ማለታችን ከዐውዱ ውጭ አይለይም። ሐዲስ ዓለማየሁ ስለዚህ ሁለቱንም ስሕተት በሚገባ ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል፤ የነጥቡን ልማድ ግን ከእርሳቸው በኋላ የተከተሉት ጥቂት ናቸው።

የደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ግን ሞክሼ ሆሄያት አንድ ናቸው የሚለውን ፈጽሞ አይቀበልም፤ አይገባውምም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» ሌባው የሚያደርገው ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ነው። «ኀለየ» አሰበ፣ «ሐለየ» ዘፈነ ነው። «ዓመት» የዘመን ልክ ሲሆን «አመት» ገረድ ናት። ለዚህ ተማሪ በነዚህ ጥንዶች መካከል ያለውን ልዩነት ማጥፋት የአጻጻፍ ማቅለል ሳይሆን የትርጉም ማበላሸት ነው። እንግዲህ አማርኛ አንድ ያደረገውን ግዕዝ ሁለት ያደርገዋል፤ የሚጻፉበት ፊደል ግን ያው ነው። የፊደሉን ተርታ ብቻ የሚያይ መኪና የቀረበለት ቃል ከየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነ የሚያውቅበት ምልክት የለውም።

ቤተ መጻሕፍትም ከዚህ አላመለጡም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ሥራቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው በዐይኑ «ዐ» ሰይመውታል፤ የቃሉ አባት የግዕዙ «ሐዲስ» ስለ ሆነ የጉሮሮውን ፊደል በጉሮሮ ፊደል መተካታቸው ከሥርወ ቃል አንጻር ተገቢ ነው። ነገር ግን በአልፉ «አዲስ» ብሎ የፈለገ አንባቢ በመኪና ካታሎግ ውስጥ መጽሐፉን ላያገኘው ይችላል። ደስታ ራሳቸው ያሳተሙት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) ተራውን በአበገደ ስላደረገ፣ ሀለሐመን ብቻ የለመደ ሰው በዚያ ውስጥ ቃል ሲፈልግ መቸገሩ አይቀርም፤ ሀ በአንደኛው ተራ ቀዳሚ፣ በሌላው አምስተኛ ነው። ስምን ማነጻጸርና ስምን በተራ ማስቀመጥ ወንድማማች ሥራዎች ናቸው፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከማነጻጸሩ አንወጣም።

አሁን ወደ ኮምፓይለሩ እንመለስ። አንድ ትልቅ ፕሮግራም ከብዙ የምንጭ ፋይሎች ይሠራል፤ ከነዚህም መካከል ሌሎቹ ሁሉ የሚጠቅሱት፣ የጋራ ድንጋጌዎች የተጻፉበት ፋይል ይኖራል። ኮምፓይለሩ ይህን የጋራ ፋይል አንድ ጊዜ ካነበበው ሁለተኛ ሊያነበው አይገባም፤ ቢያነበው ያንኑ ድንጋጌ ሁለት ጊዜ ያገኝና «ይህ ስም ቀድሞ ተደንግጓል» ብሎ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ አንድ ፋይል ሲጠቀስለት «ይህን አንብቤዋለሁን?» ብሎ ከዝርዝሩ ጋር ያነጻጽራል። ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሚያነጻጽረው የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል ከሆነ፣ አንዱ ጸሓፊ ስሙን ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ፋይሉ የሚገኝበትን መንገድ ጨምሮ ሲጽፈው ኮምፓይለሩ አንዱን ፋይል ሁለት ይለዋል። ወደ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሁለት በር የገባ ሰው ሁለት ቤተ ክርስቲያን አየሁ እንደሚል ያለ ነው።

በላቲን ፊደል ለሚጽፉት ሌላ ችግር ይጨመራል። እኛ የሌለን ነገር ስለ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ የላቲን ፊደል እያንዳንዱ ትልቅና ትንሽ የሚባል ሁለት መልክ አለው፤ ድምፁ አይለወጥም። ስለዚህ ትልቁና ትንሹ ለነርሱ ሞክሼ ሆሄያት ናቸው ቢባል ያስኬዳል። የኮምፒዩተር ሥርዐቶች በዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለዋል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዩኒክስና እ.ኤ.አ. በ1991 የተከተለው ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ሁለት ፊደል አድርገው ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዶስ ግን ስሙን ሁሉ በትልቅ ይጽፍ ነበር፤ ለስሙም ከስምንት ፊደል፣ ለቅጥያውም ከሦስት ፊደል በላይ አይፈቅድም ነበር። ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ስሙ ጸሓፊው እንደ ጻፈው ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ግን ትልቅና ትንሽ ሳይለይ ይገኛል። የጻፍነውን ሳይነካ መጠበቅና ሲነጻጸር ብቻ ልዩነቱን መተው፤ ይህን ዘዴ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሁለቱ ሥርዐቶች መጋጠሚያ ላይ ብዙ ስሕተት ተወለደ። በዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም አንድ ፋይልን በትልቅ ፊደል ጠርቶ በትንሽ ተጽፎ ሲያገኘው ደኅና ይሠራል፤ ወደ ሊኑክስ ሲዛወር ግን «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይባላል። በጃቫ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ በቋንቋው ሕግ በትልቅና ትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ክፍሎች መደንገግ ይቻላል፤ ኮምፓይለሩም ለያንዳንዱ በስሙ የሚጠራ ፋይል ያወጣል፤ በዊንዶውስ ዲስክ ላይ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይሽረዋል። ባለሥራው ሁለት ነገር ጽፎ አንዱ ብቻ ይቀርለታል፤ ይህ ጉዳት ያለ ድምፅ ስለሚፈጸም ከሁሉ የከፋ ነው።

እንዴት ይታረም ለሚለው የቀረበው የመጀመሪያ መልስ ስሙን ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል ለውጦ ማነጻጸር ነበር። ይህ በእንግሊዝኛ ያስኬዳል፤ በቱርክኛ ወደቀ። ቱርክኛ ነጥብ ያለውና ነጥብ የሌለው ሁለት «ኢ» አለው፤ የነጥብ አልባው ትልቅ መልክ በሌላው ዓለም የተለመደው ትልቁ «ኢ» ነው። ስለዚህ በቱርክ ልማድ የተዘጋጀ ኮምፒዩተር ያንን ትልቅ ፊደል ሲያሳንሰው ወደ ነጥብ አልባው ይወስደዋል፤ በእንግሊዝኛ የተሰየመውም ፋይል ሳይገኝ ይቀራል። የቱርክኛው ነገር ከሠረቀና ከሰረቀ ጉዳይ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በሁለቱም ስፍራ ፊደሉ የጋራ ሲሆን ሕጉ የየቋንቋው ነው።

ሁለተኛው መልስ ስሙን ትቶ ነገሩን መጠየቅ ነው። በዩኒክስ ዘር ሥርዐቶች ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ ሌላ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የዲስኩ ቁጥርና የፋይሉ ቁጥር ከገጠሙ በስንት መንገድና በስንት ስም ቢጠራ ፋይሉ አንድ ነው። ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር በዚህ መንገድ ይሄዳል። ጂሲሲ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ፋይሉን «አንድ ጊዜ ብቻ አንብብ» የሚለውን ትእዛዝ በዚሁ የስም ጣጣ ምክንያት ለብዙ ጊዜ ባይጠቀሙበት ይሻላል ሲል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው 3.4ኛ እትሙ የአቋራጭ ስሞችን ችግር አርሞ መልሶ ተቀበለው። አሠራሩም የፋይሉን መጠንና የተለወጠበትን ሰዓት ከተመለከተ በኋላ ውስጡን ማነጻጸር ነው። ይህ ጥንቃቄ የሞላበት ቢመስልም ሞክሼ ሰዎችን ይረሳል። ሁለት ቦታ የተቀመጡ፣ ይዘታቸውም ሰዓታቸውም የገጠመ ሁለት ፋይሎች ካሉ አንድ ናቸው ተብለው ሁለተኛው ሳይነበብ ይታለፋል። መንታ ልጆችን ባንድ የክርስትና ስም እንደ መመዝገብ ያለ ነው።

በአማርኛ ላይ የደረሰው ችግር በሁለት ምዕራፍ ይከፈላል። የመጀመሪያው የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር የጋራ ቁጥር ሳያገኝ የነበረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ የቁጥር ሠንጠረዥ ነበረውና በአንዱ የተጻፈ ስም በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። የፋይል ስምማ በላቲን ፊደል ከመጻፍ ሌላ መውጫ አልነበረውም። ለዚህም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው የአጻጻፍ ሥርዐት ብልኀት የሞላበት ነበር። የላቲን ፊደል ስላነሰ ትልቁንና ትንሹን ለሁለት ልዩ ልዩ ድምፆች አዋለው። ትንሹ «ቲ» ለተ፣ ትልቁ ለጠ፤ ትንሹ «ኤስ» ለሰ፣ ትልቁ ለጸ፤ ትንሹ «ኤን» ለነ፣ ትልቁ ለኘ ሆነ።

ይህ በወረቀት ላይ የሠመረ ነገር ትልቅና ትንሽ በማይለይ ዲስክ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። በሴራ «መታ»ና «መጣ» የሚለያዩት በአንዱ ፊደል ትልቅነት ብቻ ነው፤ «ተራ»ና «ጠራ»ም እንዲሁ። «መታ» የሚል ፋይል ባለበት «መጣ» የሚል ቢቀመጥ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይሽራል። እንግሊዛዊው የስም አወጣጥ ልማዱን በማስተካከል ያመልጥ ይሆናል፤ ለአማርኛው ግን የተሻረው ልማድ ሳይሆን የቃሉ ሥር ነው፤ ተና ጠን አንድ ያደረገ ሥርዐት ከአማርኛ ግሥ ብዙውን ያፈርሳል። የሴራ አዘጋጆች ጥፋት አይደለም፤ የዲስኩም ሠሪዎች አማርኛን አልበደሉም። እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ቋንቋ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የመጣው የአንዱን ቋንቋ የማነጻጸሪያ ሕግ ለሌላው ቋንቋ ስም በማዋል ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቁጥር ባገኘ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋይልን በራሱ ፊደል «ሥራ» ብሎ መሰየም ይቻላል። ትልቅና ትንሽ ስለሌለን ያኛው ጣጣ በአንድ ጊዜ ቀረ። (ሌላ ጣጣ ግን መጣ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ለፋይል ስም 255 ባይት የሚፈቅድ የሊኑክስ ዲስክ ለኛ 85 ፊደል ብቻ ይፈቅዳል። ቢሆንም ከዶስ ስምንት ፊደል ይሻላል።) የሐዲስ ዓለማየሁ ነጥብ ያገለግል የነበረበት ጉዳይም በዩኒኮድ 4.1 እ.ኤ.አ. በ2005 የማጥበቂያ ምልክት የሚባል ቁጥር ተሰጠው።

ነገር ግን ዩኒኮድ ቁጥሩን የሰጠው ለመልኩ እንጂ ለድምፁ አይደለም። ይህም ተገቢ ነው፤ ለድምፁ ቢሆን ኖሮ ግዕዝ ሊጻፍበት ባልተቻለ ነበር። ስለዚህ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ሆኑ፤ ሠ 4640፣ ሰ 4656 ሆኑ። ዩኒኮድ በሁለት መንገድ ሊጻፉ የሚችሉ ምልክቶችን ወደ አንድ የሚመልስበት ደንብ አለው፤ ይህ ደንብ ለምሳሌ በፈረንሳይኛ ፊደሉና ከላዩ ያለው ምልክት ተለያይተው ወይም ተዋሕደው ቢጻፉ አንድ ያደርጋቸዋል። በግዕዝ ፊደል ላይ ግን አንዳች አይለውጥም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3.0 የፕሮግራም ስሞች በማናቸውም ፊደል እንዲጻፉ ፈቅዶ ከማነጻጸሩ በፊት ይህንኑ ደንብ ያውላል። እንዲህም ሆኖ «ሥራ» የሚለውን የምንጭ ፋይል «ስራ» ብሎ የጠራ ጸሓፊ የሚያገኘው መልስ «የለም» ነው። ጸሓፊው ሁለቱን ስሞች ከመስኮቱ ላይ ያነባቸዋል፤ ድምፃቸውም አንድ ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱን ከሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። በላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ለተደናገረው ሰው ኮምፓይለሮች ዛሬ ምክር ይሰጣሉ፤ ሞክሼ ሆሄ ላደናገረው ግን በተለመዱት ኮምፓይለሮች እንዲህ ያለ ምክር አይገኝም።

እዚህ ላይ የአሮጌው ክርክር ይመለሳል። የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሲሆን ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ የሞክሼ ሆሄያት መቀነስ ነበር። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የተነሡት የማሻሻያ ሐሳቦች የሚደገፉባቸው ምክንያቶች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ለተማሪ ይቀልለታል የሚለው፣ ሁለተኛው የጽሕፈት መኪና ቁልፍና የማተሚያ ቤት ሆሄ ይቆጠባል የሚለው ነው። ሁለተኛው ምክንያት በኮምፒዩተር ምክንያት ጠፍቷል፤ ለመኪናው አንድ ሐ መጨመር ዋጋ የለውም። በምትኩ ግን ሦስተኛ ምክንያት መጥቷል፤ እርሱም ማነጻጸር ነው። ፊደሉን የሚያበዛው ሰው ቁልፍ አያባክንም፤ ፍለጋን ግን ያከሽፋል።

በእኛ አስተያየት የማሻሻያው ደጋፊዎች ችግሩን በትክክል አይተው ቦታውን ስተውታል። መታረም ያለበት ጽሕፈቱ ሳይሆን ንጽጽሩ ነው። ጸሓፊው «ዐዲስ» ይበል፣ «አዲስ» ይበል፣ የጻፈው እንዳለ ይቀመጥ፤ መኪናው ግን ከስሙ ጎን ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ስም ይያዝ። ይህን ሁለተኛ ስም «መሪ ቅርጽ» ብንለው ከመዝገበ ቃላት «መሪ ቃል» ጋር ስለሚዛመድ ለአንባቢዎቻችን ይቀላል። አሠራሩ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። በዩኒኮድ የእያንዳንዱ ፊደል ሰባቱ ድምፆች ተከታትለው ስለ ተቀመጡ፣ ከሐ ቤት ቁጥር 16፣ ከኀ ቤት 128፣ ከዐ ቤት 48፣ ከፀ ቤት 8 መቀነስ፣ በሠ ቤት ላይም 16 መጨመር ሰባቱንም ባንድ ጊዜ ወደ ሀ፣ ወደ አ፣ ወደ ጸና ወደ ሰ ይመልሳቸዋል። ከዚያ ሀንና አን ከራብዓቸው ጋር ማዋሐድ ይቀራል። የሐዲስ ዓለማየሁ 144 አጻጻፍ በዚህ ስሌት አንድ መሪ ቅርጽ ይሆናል።

ይህን ሕግ ኮምፓይለሩ እንዳለ ይቀበል ማለታችን ግን አይደለም። ፋይሉን አንድ ማድረግና መጠቆም ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሠረቀና ሰረቀ የሚባሉ ሁለት የግዕዝ ፋይሎች ያሉት ሰው አንዱ በሌላው ቢሻርበት የጃቫውን ጉዳት በገዛ ፊደላችን መድገም ይሆናል። ስለዚህ ኮምፓይለር በመጀመሪያ ስሙን እንደ ተጻፈ ይፈልግ፤ ካገኘው ሌላ አይጠይቅ። ካጣው በመሪ ቅርጹ ይፈልግና «‹ስራ› የሚባል ፋይል የለም፤ ‹ሥራ› የሚባል ግን አለ» ብሎ ለጸሓፊው ያመልክት። ፈራጁ ጸሓፊው ይሁን። ለቤተ መጻሕፍት ካታሎግና ለሰው ስም መዝገብ ግን ሕጉ ሊሰፋ ይችላል፤ እዚያ አንዱን ማጣት ሁለቱን አብሮ ከማየት የበለጠ ይጐዳል። አንድ ሰው ስሙን በ«ሃ» አስጽፎ በ«ሐ» ስለ ተፈለገ ብቻ ዶሴው ሳይገኝ ቢቀር፣ ሁለት ሞክሼ ዶሴዎች ባንድነት ቢቀርቡና ሠራተኛው ቢመርጥ ይሻለው ነበር።

የቁጥሩ ስሌት የማይደርስበትም አለ። «ኤልያስ»ና «ኤሊያስ» የሚለያዩት በሞክሼ ሆሄ ሳይሆን በሳድስና በሣልስ ነው፤ «ሐዲስ»ና «አዲስ»ም የሥር ዘመዳሞች ናቸው እንጂ ባንድ ድምፅ አይነበቡም። የመጀመሪያው ዐይነት በድምፅ መቀራረብ የሚመዝን ዘዴ ይፈልጋል፤ ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ2004 ለላቲን ጽሕፈት የተሠራውን እንዲህ ያለ ዘዴ ለአማርኛ አጻጻፍ አዛምደው አቅርበዋል። ሁለተኛው ዐይነት የሥርወ ቃል ዕውቀት ስለሚፈልግ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ ነው። ደብረ ኤልያስ ከተማንና ደብረ ኤልያስ ወረዳን በሚመለከት ግን ፊደላቸው ሁሉ ገጥሟልና የትኛውም የፊደል ስሌት አይለያቸውም፤ እነርሱን የሚለያቸው እንደ ፋይሉ መለያ ቁጥር ከስሙ ውጭ ለያንዳንዳቸው የተሰጠ ቁጥር ነው።